የካርቱን ፊልም በአሜሪካ፦ ከጥቁር ሰሌዳ እስከ ኮምፒዩተር

እ.ኤ.አ. በ1942 መጀመሪያ ላይ የአሜሪካ የገንዘብ ሚኒስቴር አንድ ከባድ የቤት ሥራ ገጥሞት ነበር። ሀገሪቱ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በገባች ማግሥት የገቢ ግብር የመክፈል ግዴታ ቀደም ሲል ግብር ከፍለው ወደማያውቁ በርካታ ዜጎች በመስፋፋቱ፣ ሕዝቡ ግብሩን በወቅቱና በፈቃደኝነት እንዲከፍል ማስረዳት ያስፈልግ ነበር። ሚኒስቴሩ ለዚህ ተግባር የመረጠው አስረጂ የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ወይም ባለሥልጣን አልነበረም፤ ዶናልድ ዳክ የተባለው በቁጣው የሚታወቅ የካርቱን ዳክዬ እንጂ። በዋልት ዲዝኒ ስቱዲዮ የተዘጋጀው «አዲሱ መንፈስ» የተሰኘ አጭር ፊልም ለዝግጅቱ በወጣው ገንዘብ ምክንያት በኮንግረስ ውስጥ ብርቱ ክርክር ቢያስነሳም፣ በመላ ሀገሪቱ በሚገኙ ሲኒማ ቤቶች ለሕዝብ ታይቷል።

ይህ አጋጣሚ የካርቱን ፊልም በብዙዎች ዘንድ እንደሚታሰበው የሕፃናት መዝናኛ ብቻ አለመሆኑን ያመለክታል። ዘርፉ በአሜሪካ ከመቶ ዓመት በላይ ባስቆጠረው ጉዞው ከፋብሪካ የማይተናነስ የሥራ ክፍፍልን የዘረጋ፣ የሠራተኛና የአሠሪ ግጭቶችን ያስተናገደ፣ በሕግና በቴክኖሎጂ ለውጦችም በተደጋጋሚ መልኩን የቀየረ ኢንዱስትሪ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የካርቱን ፊልም አሠራር በመሠረቱ ቀላል መርህን የተከተለ ነው። በጥቂት በጥቂቱ እየተለያዩ የሚሄዱ ሥዕሎች በፍጥነት ተከታትለው ሲታዩ ዓይን እንደ እንቅስቃሴ ይቀበላቸዋል። ድምፅ ያላቸው ፊልሞች ከመጡ ወዲህ በሲኒማ ቤት የሚታይ ፊልም በአንድ ሰከንድ 24 ምስሎችን ያሳልፋል። በዚህ ስሌት የአንድ ደቂቃ ፊልም 1 ሺህ 440፣ የ80 ደቂቃ ፊልም ደግሞ 115 ሺህ 200 ምስሎችን ይጠይቃል። አንዱን ሥዕል ሁለት ጊዜ በማንሳት ቁጥሩን በግማሽ መቀነስ የተለመደ ቢሆንም፣ በአንድ ትዕይንት ላይ ሁለትና ሦስት ገጸ ባሕርያት ሲኖሩ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ስለሚሣሉ ድካሙ ተመልሶ ይበዛል። የአሜሪካ የካርቱን ፊልም ታሪክም በአመዛኙ ይህን ድካም ማን፣ በምን ያህል ወጪና በምን ዓይነት አደረጃጀት ይሸከመው ለሚለው ጥያቄ መልስ የመፈለግ ታሪክ ነው።

ከዘርፉ ቀዳሚዎች አንዱ የሆነው ጄምስ ስቱዋርት ብላክተን በ1906 በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የተሣሉ ፊቶች ሲንቀሳቀሱ የሚያሳይ አጭር ፊልም አቅርቧል። ከእርሱ በኋላ የተነሳው የጋዜጣ ሰዓሊ ዊንሰር ማኬይ በ1914 «ገርቲ» የተባለችውን ዳይኖሰር ለተመልካች አስተዋወቀ። ማኬይ በመድረክ ላይ ቆሞ በመጋረጃው ላይ ለምትታየው ዳይኖሰር ትዕዛዝ ይሰጣት፣ እርሷም እንደ ሰለጠነ እንስሳ ትታዘዘው ነበር። ገርቲ ስትገሰጽ የምታለቅስ፣ የራሷ ጠባይ ያላት ፍጡር መሆኗ ከዚያ በፊት ከነበሩት የሥዕል ትርዒቶች ለየት አድርጓታል። ይሁን እንጂ ማኬይ ገርቲን ብቻ ሳይሆን ከጀርባዋ ያለው ተራራና ድንጋይ ጭምር በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ እንደገና መሣል ስለነበረበት፣ ለዚሁ ሥራ አንድ ረዳት ቀጥሮ በሺህ የሚቆጠሩ ወረቀቶችን ማዘጋጀት ግድ ሆኖበታል።

ይህን ችግር ያቃለለው ኧርል ኸርድ በ1914 የፈጠራ ባለቤትነት መብት የጠየቀበት ዘዴ ነበር። ዘዴው ተንቀሳቃሹን ገጸ ባሕርይ ሴሉሎይድ በተባለ ብርሃን አስተላላፊ ስስ ልባስ ላይ ሥሎ፣ አንድ ጊዜ ብቻ በተሣለ የጀርባ ሥዕል ላይ መደረብ ነው። ኸርድ ከስቱዲዮ ባለቤቱ ጆን ራንዶልፍ ብሬይ ጋር በመጣመር መብቱን ለሌሎች ስቱዲዮዎች በክፍያ አከራይቷል። ከዚህ በኋላ ሥራው ለብዙ እጆች ተከፋፈለ። ዋናው ሰዓሊ የእንቅስቃሴውን ቁልፍ ቦታዎች ይሥላል፤ ረዳቱ በመካከል ያሉትን ይሞላል፤ ሌላው በቀለም ያደምቃል፤ ሌላው ደግሞ ፎቶግራፍ ያነሳል። በዚሁ ዘመን ማክስ ፍላይሸር የተባለ የኒውዮርክ ባለሙያ አስቀድሞ የተቀረጸን የሰው እንቅስቃሴ ምስል በምስል እየተከተለ የሚገለብጥ ሮቶስኮፕ የተሰኘ መሣሪያ ፈልስፎ በ1917 የባለቤትነት መብት አግኝቶበታል።

በ1923 ከወንድሙ ከሮይ ጋር ስቱዲዮ ያቋቋመው ዋልት ዲዝኒ ደግሞ የዘርፉን ደረጃ በመሠረቱ ለውጧል። ዲዝኒ በ1928 ኦስዋልድ የተባለውን ተወዳጅ የጥንቸል ገጸ ባሕርይ ባለመብቱ እርሱ ባለመሆኑ ምክንያት ተነጠቀ። በዚያው ዓመት ከሰዓሊው አብ አይወርክስ ጋር የፈጠረው ሚኪ ማውስ ኅዳር 18 ቀን በኒውዮርክ ከተማ «ስቲምቦት ዊሊ» በተሰኘው ፊልም ላይ ከሙዚቃና ከድምፅ ጋር በተቀናጀ እንቅስቃሴ ታየ። በ1932 በሦስት ቀለማት ቅንብር የተዘጋጀው «አበቦችና ዛፎች» የተሰኘ ፊልም ለካርቱን ዘርፍ የተመደበውን የመጀመሪያውን የኦስካር ሽልማት አገኘ። ታኅሣሥ 21 ቀን 1937 ለእይታ የበቃው «ስኖው ዋይትና ሰባቱ ድንክዬዎች» ደግሞ አንድ ሚሊዮን ተኩል ዶላር ገደማ የወጣበት ባለ ሙሉ ርዝመት ፊልም ሲሆን፣ ተመልካች ለሥዕል ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀምጦ እንደሚያለቅስና እንደሚስቅ አረጋግጧል።

የዲዝኒ ስልት ሙሉ አኒሜሽን በመባል ይታወቃል። በዚህ ስልት አካል ክብደት እንዳለው ሆኖ ይሣላል፤ ሲዘል ይሳባል፣ ሲያርፍ ይጨፈለቃል፤ ልብስና ጸጉርም ከአካሉ ጥቂት ዘግይተው ይንቀሳቀሳሉ። የኒውዮርኮቹ ፍላይሸሮች በበኩላቸው ቤቲ ቡፕንና ፓፓይን በመሳሰሉ ገጸ ባሕርያት የጃዝ ሙዚቃንና የከተማ ሕይወትን የተላበሰ፣ እንደ ጎማ የሚለጠጥና ወደ ቅዠት የሚያደላ ስልት ይከተሉ ነበር። የዋርነር ብራዘርስ ባለሙያዎች እነ ቴክስ ኤቨሪና ቸክ ጆንስ ደግሞ ፍጥነትንና ቀልድን አስቀደሙ። በ1940 መልኩ የተስተካከለለት በግስ በኒ የተባለው ጥንቸል ካሮት እየቆረጠመ አዳኙን መጫወቻ የሚያደርግ፣ ከተመልካች ጋር ፊት ለፊት የሚነጋገር ብልጥ ነው። በዚያው ዓመት በኤም ጂ ኤም ስቱዲዮ ዊልያም ሃና እና ጆሴፍ ባርቤራ የድመትና የአይጥ ፍልሚያን የሚያሳየውን የ«ቶም ኤንድ ጄሪ» ተከታታይ ፊልም ጀምረው በአጠቃላይ ሰባት የኦስካር ሽልማቶችን አግኝተውበታል።

ከእነዚህ ውብ ሥዕሎች በስተጀርባ ግን ቅሬታ ይጠራቀም ነበር። ሥዕሎቹን በሴሉሎይድ ላይ በቀለም የሚገለብጡትና የሚያደምቁት ሠራተኞች በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ሲሆኑ፣ የሚከፈላቸውም ዝቅተኛ ደመወዝ ነበር። ወደ ዋናው የሥዕል ክፍል የመግባት ዕድላቸው እጅግ ጠባብ ከመሆኑም በላይ ስማቸው በፊልሙ ላይ አይጠቀስም ነበር። በ1937 የፍላይሸር ሠራተኞች ለወራት የዘለቀ የሥራ ማቆም አድማ አደረጉ። በዲዝኒም በአውሮፓ ጦርነት ሳቢያ የውጭ ገበያ በመዘጋቱ የ1940ዎቹ «ፒኖኪዮ» እና «ፋንታዥያ» ወጪያቸውን መመለስ ተሳናቸው፤ የደመወዝ ልዩነትና የሠራተኞች ቅነሳም ቅሬታውን አባባሰው። በ«ስኖው ዋይት» ላይ ንግሥቲቱን የሣለው አንጋፋው አርት ባቢት በማኅበር እንቅስቃሴው ምክንያት ከሥራ ሲሰናበት፣ ግንቦት 29 ቀን 1941 በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ግጭቱ ለሳምንታት ዘልቆ በፌዴራል መንግሥት አሸማጋይነት ሲቋጭ ስቱዲዮው የሠራተኞቹን ማኅበር ተቀብሏል። በአሠሪውና በባለሙያዎቹ መካከል የነበረው የቤተሰብነት ስሜት ግን ዳግም አልተመለሰም። በርካታ ብርቱ ሰዓሊዎችም ስቱዲዮውን ለቀዋል።

በጦርነቱ ዓመታት አብዛኛው የዲዝኒ ምርት ከመንግሥትና ከሠራዊቱ የሚታዘዝ ሆነ። ዋርነር ብራዘርስም «ፕራይቬት ስናፉ» የተሰኘ ዝርክርክ ወታደር ፈጥሮ፣ ለሠራዊቱ አባላት ምስጢር መጠበቅንና ራስን ከወባ መከላከልን በቀልድ አስተምሯል። ወታደሩ የሚሠራው ስህተት ሁሉ ዋጋ ሲያስከፍለው በማየት፣ ተመልካቹ ከመመሪያ ሰነድ የማያገኘውን ትምህርት ይቀስም ነበር። በሌላ በኩል የዚያ ዘመን ፊልሞች ጃፓናውያንንና ጥቁር አሜሪካውያንን በሚያዋርድ መልክ ያቀረቡበት ሁኔታ በዘርፉ ታሪክ ውስጥ የሚታይ ጠባሳ ነው። በ1968 አስራ አንድ የዋርነር ፊልሞች በዚሁ ምክንያት ከቴሌቪዥን ሥርጭት እንዲታገዱ ተደርጓል።

ከዲዝኒ የወጡት ባለሙያዎች በ1940ዎቹ ባቋቋሙት ዩ ፒ ኤ በተባለ ስቱዲዮ አዲስ ስልት ይዘው ብቅ አሉ። እነርሱ እውነተኛውን ዓለም ለመምሰል ከመጣጣር ይልቅ ዘመናዊውን የሥነ ሥዕል ጥበብ በመከተል በጥቂት መስመሮች፣ በጠፍጣፋ ቀለማትና በባዶ ጀርባዎች ተጠቀሙ። በቃላት ፈንታ የተለያዩ ድምፆችን እያሰማ የሚናገር ሕፃንን ታሪክ የሚተርከው የ1950ው «ጄራልድ ማክቦይንግ ቦይንግ» የኦስካር ሽልማት በማግኘት የስልቱን ተቀባይነት አረጋገጠ።

የዩ ፒ ኤ ሰዓሊዎች ለውበት ሲሉ የመረጡትን ቁጥብነት ሌሎች ለወጪ ቅነሳ ተጠቀሙበት። በ1948 የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ታላላቅ የፊልም ኩባንያዎች ሲኒማ ቤቶችን በባለቤትነት ይዘው ፊልሞቻቸውን በጥቅል የሚያስገድዱበትን አሠራር የሚያፈርስ ውሳኔ አሳለፈ። ከዋናው ፊልም ጋር ተጠቃልሎ ይሸጥ የነበረው አጭር ካርቱን አስተማማኝ ገበያውን ሲያጣ ቴሌቪዥን ደግሞ ተመልካቹን ወሰደ። ኤም ጂ ኤም የካርቱን ክፍሉን በ1957 ሲዘጋ ሃና እና ባርቤራ የራሳቸውን ስቱዲዮ መሥርተው ውስን አኒሜሽን የተባለውን ዘዴ አስፋፉ። በዚህ ዘዴ ገጸ ባሕርዩ ሲናገር አፉ ወይም ጭንቅላቱ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ የተቀረው አካል ባለበት ይቆማል። ዮጊ የተባለው ድብ በአንገቱ ላይ ኮሌታና ክራቫት ማሰሩም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሚንቀሳቀሰው ጭንቅላት ከማይንቀሳቀሰው አካል ጋር የሚጋጠምበትን መስመር ለመደበቅ ነው። ከ1960 እስከ 1966 የታየው «ፍሊንትስቶንስ» በዚህ ዘዴ የምሽቱን የቴሌቪዥን ጊዜ ይዞ ቆይቷል።

የወጪ ቅነሳው ጥረት በዚህ አላበቃም። በ1961 «አንድ መቶ አንድ ዳልሜሽያን» በተሰኘው ፊልም ዲዝኒ የሰዓሊውን የእርሳስ መስመር በፎቶ ኮፒ ዘዴ በቀጥታ ወደ ሴሉሎይድ በማዛወሩ፣ ለዓመታት በእጅ ይገለብጡ የነበሩ ሴቶች ሥራ በእጅጉ ቀነሰ። ቆየት ብሎም አድካሚው የሥዕል ክፍል እንደ ጃፓን፣ ደቡብ ኮሪያና ታይዋን ወዳሉ ሀገሮች መላክ ጀመረ። ከ1989 ጀምሮ በተከታታይ የሚታየው የ«ሲምፕሰንስ» ሥዕል ለረጅም ጊዜ በደቡብ ኮሪያ ሲሠራ ቆይቷል። በአንጻሩ በዚያው በ1989 የወጣው «ትንሿ የባሕር ልጅ»፣ በ1991 ወጥቶ ለምርጥ ፊልም የኦስካር ሽልማት በመታጨት የመጀመሪያ የሆነው «ውቢቷና አውሬው» እና የ1994ቱ «ላየን ኪንግ» በእጅ የተሣለ ፊልም እንደገና ያንሰራራበት ዘመን ማሳያዎች ነበሩ።

ይሁን እንጂ ኅዳር 22 ቀን 1995 የፒክሳር ኩባንያ «ቶይ ስቶሪ» ሙሉ በሙሉ በኮምፒዩተር የተሠራ የመጀመሪያው ባለ ሙሉ ርዝመት ፊልም ሆኖ ወጣ። በዚህ ዘዴ ገጸ ባሕርዩ በየወረቀቱ አይሣልም፤ እንደ ሐውልት አንድ ጊዜ ከተቀረጸ በኋላ ባለሙያው እንደ አሻንጉሊት ያንቀሳቅሰዋል፤ ብርሃኑንና ጥላውን ኮምፒዩተሩ ያሰላል። በ2006 ዲዝኒ ፒክሳርን በ7 ነጥብ 4 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ዲዝኒ በእጅ የሣለውን የመጨረሻ ባለ ሙሉ ርዝመት የሲኒማ ፊልም ያቀረበው በ2011 ሲሆን፣ በእርሳስ ሲሠሩ ከኖሩ ሰዓሊዎች መካከል አዲሱን መሣሪያ የተማሩ እንዳሉ ሁሉ ከሙያው የወጡም አሉ።

ሌሎች ስልቶች ግን አልጠፉም። አሻንጉሊትን በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀሱ ፎቶግራፍ በማንሳት የሚሠራው ዘዴ በ2009 «ኮራላይን»ን፣ በ2022 ደግሞ የጊዬርሞ ዴል ቶሮን «ፒኖኪዮ» አበርክቷል። የ2018ቱ «ስፓይደር ማን፦ ኢንቱ ዘ ስፓይደር ቨርስ» በኮምፒዩተር ቢሠራም የታተመ የቀልድ መጽሐፍን ነጠብጣቦችና መስመሮች በመላበስ የእጅ ሥዕልን ጣዕም መልሶ አምጥቷል። ከፊልሙ ሦስት ዳይሬክተሮች አንዱ ፒተር ራምዚ የምርጥ አኒሜሽን ፊልም ኦስካርን በመውሰድ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ዳይሬክተር ነው። በ1956 ፍሎይድ ኖርማን የዲዝኒ ስቱዲዮ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ የአኒሜሽን ባለሙያ ሆኖ ከተቀጠረበት ጊዜ አንስቶ ይህ እስኪሆን ከ60 ዓመታት በላይ ወስዷል።

በ2024 የዘርፉ ሠራተኞች ማኅበር ከአምራች ኩባንያዎች ጋር ባደረገው ድርድር ከዋና ዋናዎቹ አጀንዳዎች አንዱ ሥዕልን በራሱ የሚያመነጨው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነበር። የሴሉሎይድ ልባስ፣ የፎቶ ኮፒ መሣሪያውና ኮምፒዩተሩ እያንዳንዳቸው ሲመጡ የአንዱን እጅ ድካም አቅልለው የሌላውን እንጀራ ነክተዋል። እስካሁን በታየው ልምድ አዲሱ መሣሪያ ለሙያው ጥቅም የሰጠው ባለሙያው በመሣሪያው አጠቃቀም ላይ ድምፅ ሲኖረውና መልሶ የመሠልጠን ዕድል ሲያገኝ ነው። ማኬይ ለአንዲት ዳይኖሰር ዕንባ የሰጠው በወረቀትና በቀለም ነበር፤ ዕንባው እንዲታመን ያደረገው ግን ሰዓሊው ሐዘንን የሚያውቅ ሰው መሆኑ ነው። የዘርፉ ባለሙያዎች ዛሬ በድርድር ጠረጴዛ ዙሪያ የሚያነሱት ጥያቄም ይኸው የሰው ድርሻ በምን መልኩ ይጠበቅ የሚል ነው።