ፀሐይን በራዲዮ መለካት

በመስከረምና በመጋቢት፣ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ጣሪያ ላይ የተተከለ ዲሽ ለተወሰኑ ቀናት በተመሳሳይ ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ምስሉ ይቆራረጣል። ዲሽ ሠሪ መጥራት አያስፈልግም። ፀሐይ በሳተላይቱ ጀርባ ስታልፍ የራሷ የራዲዮ ሞገድ የጣቢያውን ሲግናል ስለሚውጠው ነው። ዲሹ ለእነዚያ ደቂቃዎች ፀሐይን ያዳምጣል።

ሳይንቲስቶች ከዚህ ሞገድ አዘውትረው የሚለኩት 10.7 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለውን ነው። ካናዳዊው አርተር ኮቪንግተን እ.ኤ.አ. በ1946 በከፊል ግርዶሽ ወቅት፣ ጨረቃ አንድ ትልቅ የፀሐይ ነጥብ (በፀሐይ ፊት ላይ የሚታይ ጥቁር ቦታ) ስትሸፍን የራዲዮው ኃይል ጉልህ በሆነ መጠን ሲቀንስ አየ። ምንጩ ከነጥቦቹ በላይ በመግነጢስ የታመቀው ትኩስ ጋዝ ነበር። የዕለት ልኬቱ ከ1947 ጀምሮ ካናዳ ውስጥ ይመዘገባል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ የቀለበት ግርዶሽ፣ ደሴ ላይ ደግሞ ከፊል ግርዶሽ ሲታይ ፀሐይ ነጥብ አልባ በምትሆንበት ዘመኗ ላይ ስለነበረች ልኬቱ በራሱ አሃድ 70 ገደማ ብቻ ነበር። ነጥብ ሲበዛ ከ200 ያልፋል።

የራዲዮው ጥቅም ክረምት ላይ ይገባናል። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ደሴ ስትጨልም ኮምቦልቻ ብራ ልትሆን ትችላለች፤ ብርሃን መለኪያ በሁለቱ ከተሞች የተለያየ ቁጥር ያሳያል። ይህ ሞገድ ግን ደመናን አልፎ ስለሚመጣ ከሁለቱም ቦታ አንድ ዓይነት ውጤት ይገኛል።

ራዲዮው ከፀሐይ ኃይል ኢምንቱ ስለሆነ እሱን ብቻ አባዝቶ ጠቅላላውን ማግኘት አይቻልም። እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ሳተላይቶች ጠቅላላውን ከከባቢ አየር በላይ በቀጥታ ይለካሉ፤ በካሬ ሜትር 1361 ዋት ገደማ ነው። የሁለቱን መዝገብ ጎን ለጎን አስቀምጦ ዝምድናቸውን ማስላት፣ ሳተላይት ያልነበረባቸውን ዓመታት ለመገመት ያስችላል። ጥንቃቄ ግን ይሻል፦ ትልቅ ነጥብ ፊት ለፊታችን ሲዞር ራዲዮው ይጨምራል፣ ጠቅላላው ብርሃን ግን ለጥቂት ቀናት ይቀንሳል። በዓመታት አማካይ ሲታይ በነጥቦቹ ዙሪያ ያሉት ደማቅ ቦታዎች ጉድለቱን ከማካካስ አልፈው ያተርፋሉ። ስለዚህ ግምቱ የሚታመነው በዓመት እንጂ በቀን አይደለም።

ነጥቦቹ በሚበዙበትና በሚያንሱበት የ11 ዓመት ዑደት ራዲዮው ሦስት እጥፍ ሲወጣና ሲወርድ፣ ጠቅላላው ኃይል የሚለዋወጠው በ1 ዋት ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ጣሪያው ላይ ሶላር ያስገጠመ ሰው ምርቱ ቢቀንስበት ደመናውን ወይም ፓነሉ ላይ የተኛውን አቧራ ይመልከት እንጂ ፀሐይን አይጠርጥር።