የነዳጅ ዋጋ መናርና የትምህርት ቤት መንገድ በሽንሌ አካባቢ

ነዳጅ ሲወደድ ትምህርት ቤት የሚጎዳው በተማሪው መጓጓዣ በኩል ብቻ እንደሆነ አድርጎ መገመት የተለመደ ነው። ይህ ግምት ብዙ ተማሪ በአውቶቡስና በታክሲ ለሚመላለስባቸው እንደ አዲስ አበባ ላሉ ከተሞች ተስማሚ ሊሆን ይችላል። በሶማሌ ክልል ለምትገኘው ለሽንሌና ለዙሪያዋ ግን አይስማማም። የአካባቢው የአርብቶ አደር ልጅ፣ ቤንዚን በሊትር 20 ብር ቢሸጥም ሆነ 100 ብር፣ ወደ ትምህርት ቤት የሚመጣው በእግሩ ነው። ከዚህ ተነሥቶ የነዳጅ ዋጋ የሽንሌን ትምህርት ቤቶች አያሳስባቸውም የሚል የፕላን ባለሙያ ቢኖር አያስደንቅም፤ ነገር ግን ይሳሳታል። ተማሪው በእግሩ ቢመጣም በሞተር ኃይል የሚመጡ ሦስት ነገሮች አሉ፤ እነርሱም መምህሩ፣ ውሃውና መጽሐፉ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ የቀረ እንደሆነ ተማሪው ረጅሙን መንገድ የሚጓዘው በከንቱ ነው።

ሽንሌ ከድሬዳዋ በስተሰሜን ወደ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሞቃት ሜዳ ላይ የተቈረቈረች ከተማ ናት። ዛሬ ሲቲ የሚባለው ዞን ቀድሞ የሚጠራው በእርሷ ስም ነበር። ለድሬዳዋ መቅረቧ ጥቅምም ጉዳትም አለው። ድሬዳዋ በገበያ፣ በሕክምናና በመኖሪያ ቤት የተሻለች ስለሆነች በሽንሌ ተቀጥሮ በድሬዳዋ ማደር ለመንግሥት ሠራተኛ የሚያጓጓ ነው፤ መምህሩም ከዚህ አይለይም። ነዳጅ ርካሽ በነበረበት ጊዜ ይህ አኗኗር ብዙ ችግር አልነበረውም። አሁን ግን ሒሳቡ ተለውጧል።

በሐምሌ ወር 2014 ዓ.ም. መንግሥት ለነዳጅ ይሰጥ የነበረውን ድጎማ ደረጃ በደረጃ ማንሣት ሲጀምር የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ 47 ብር ከ83 ሣንቲም ነበር። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ገደማ 101 ብር ከ47 ሣንቲም ደረሰ፤ ከዚያም ወዲህ ጨምሯል። ይህ ለመምህሩ ምን ማለት እንደሆነ በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። አንድ ባጃጅ በሊትር 30 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ቢባል ለደርሶ መልሱ 20 ኪሎ ሜትር ሁለት ሦስተኛ ሊትር ያስፈልገዋል። በወር 22 የሥራ ቀን ቢታሰብ በመጀመሪያው ዋጋ ወደ 702 ብር፣ በሁለተኛው ዋጋ ወደ 1488 ብር ለቤንዚን ብቻ ይወጣል። ሦስት መምህራን ቢካፈሉት የእያንዳንዱ ድርሻ ከ234 ብር ወደ 496 ብር ከፍ ይላል ማለት ነው። ጎማው፣ መለዋወጫውና የባለንብረቱ ትርፍ በዚህ ውስጥ አልገቡም።

በትምህርት ቤቱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን በብር ብቻ የሚለካ አይደለም። ተሽከርካሪው እስኪሞላ ሲጠበቅ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያልፋል፤ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ደግሞ መመለሻ እንዳይጠፋ ሲባል ይቈረጣል። አምስት ኪሎ ሜትር በእግሩ የመጣው ልጅ በሰዓቱ ተገኝቶ አሥር ኪሎ ሜትር በመኪና የሚመጣው መምህር የዘገየበት ትምህርት ቤት ካለ፣ በዚያ ትምህርት ቤት የመጓጓዣ ጥናት መጀመር ያለበት ከማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ነዳጅና ትምህርት ቤት በኢትዮጵያ ታሪክ የተገናኙት ዛሬ ብቻ አይደለም። የዐረብ አገሮች በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ነዳጅ ከከለከሉ በኋላ የዓለም ዋጋ ሲንር፣ በአዲስ አበባ የታክሲ ነጂዎች በየካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የሥራ ማቆም አድማ መቱ። በዚያው ዕለት መምህራንም የትምህርት ዘርፍ ጥናቱን በመቃወም ሥራ አቆሙ። የሁለቱ ጥያቄ የተለያየ ቢሆንም በአንድ ቀን መገጣጠሙ ከተማውን ለማናወጥ በቂ ነበር።

በሽንሌ ነዳጅ የማይጠይቅ መጓጓዣ ሲታሰብ በመጀመሪያ ትዝ የሚለው ባቡር ነው። ከጂቡቲ የተነሣው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን ሽንሌም ከጣቢያዎቹ አንዷ ነበረች። ያ ባቡር በትናንሽ ጣቢያዎች እየቆመ ሰውንም ወተትንም ያመላልስ ነበር። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመር የሚንቀሳቀሰው በኤሌክትሪክ ኃይል ስለሆነ የናፍጣ ዋጋ በቀጥታ አይነካውም። ይሁን እንጂ የተሠራው ለረጅም መንገድና ለጭነት በመሆኑ ለዕለት የትምህርት ቤት ምልልስ የሚሆን አይደለም።

ስለዚህ ወደ ብስክሌት መመለስ ያስፈልጋል። የብስክሌት ነገር በኢትዮጵያ ሲነሣ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ይጠቀሳሉ፤ ሁለቱም ሜዳ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። የድሬዳዋና የሽንሌ መንገድም ከዚህ አይከፋም። በሁለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ከመቶ ሜትር ብዙ ስለማይበልጥ አሥሩን ኪሎ ሜትር ጎልማሳ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ በቀላሉ ይጨርሰዋል። የሚያስቸግረው ጠዋት ሲሄዱ ቁልቁል፣ ቀትር ላይ በፀሐይ ሲመለሱ ሽቅብ መሆኑ ነው። በብስክሌት የሚመላለስ መምህር ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ፀሐይ ስትበርድ እንዲመለስ፣ እስከዚያም የተማሪ ደብተር የሚያርምበት ጥላ ያለው ክፍል እንዲያገኝ ማድረግ የርእሰ መምህሩ ፋንታ ነው።

ብስክሌት ለተማሪም እንደሚጠቅም የሌሎች አገሮች ተሞክሮ ያሳያል። በሕንድ የቢሃር ክፍለ ሀገር መንግሥት በ2006 እ.ኤ.አ. ወደ ሁለተኛ ደረጃ ለሚያልፉ ልጃገረዶች የብስክሌት መግዣ መስጠት ጀመረ። ጉዳዩን ያጠኑ የኢኮኖሚ ሊቃውንት በዕድሜያቸው ደረጃ የሚመዘገቡ ልጃገረዶች በ32 በመቶ መጨመራቸውን፣ ውጤቱም ጎልቶ የታየው ከትምህርት ቤት 3 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ርቀው በሚኖሩት ላይ መሆኑን አመልክተዋል። በዛምቢያ ገጠር የተደረገ ተመሳሳይ ጥናትም ብስክሌት የተሰጣቸው ልጃገረዶች ከትምህርት የሚቀሩባቸው ቀኖች ከሩብ በላይ መቀነሳቸውን አሳይቷል። ያም ሆኖ ብስክሌት አምጥቶ ማከፋፈል ብቻውን አይበቃም። የሽንሌ ሜዳ የግራርና የፕሮሶፒስ እሾህ የሞላበት ነው፤ ፓምፕ፣ ማስቲሽና የጎማ መለጠፍ ሥራ የሚያውቅ ሰው በትምህርት ቤቱ ከሌለ ብስክሌቱ በሁለት ወር ውስጥ ከግድግዳ ተደግፎ ይቀራል። ለልጃገረዶች የሚመረጠውም ረጅም ልብስ ለብሰው ሊነዱት የሚችሉት፣ አግዳሚ ብረት የሌለውና ሰንሰለቱ የተሸፈነ ዓይነት መሆን አለበት። ከሁሉ በፊት ደግሞ ወላጆችና የአገር ሽማግሌዎች ሊመክሩበት ይገባል።

ከከተማ ርቀው ለሚኖሩ ሕፃናት ግመል ይሁንላቸው የሚል ሐሳብ አልፎ አልፎ ይሰማል። ይህ አካባቢውን ካለማወቅ የሚመጣ ነው። የሶማሌ አርብቶ አደር ግመልን ለወተት ያረባል፤ ቤቱንና ውሃውን ይጭንበታል፤ በኮርቻ ተቀምጦ መጋለብ ግን ልማዱ አይደለም። በጭነቱ ላይ ቢወጣ ሕመምተኛ ወይም ጨቅላ ሕፃን ነው። ይልቅስ ግመሉ የሚጠቅመው ልጁን ወደ መጽሐፍ ሳይሆን መጽሐፉን ወደ ልጁ ለመውሰድ ነው። በኬንያ ጋሪሳ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የግመል ቤተ መጻሕፍት ሲሠራ ቆይቷል። በሶማሌ ክልልም በ2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በወረርሽኝ ምክንያት በተዘጉ ጊዜ ሴቭ ዘ ችልድረን የተባለው ድርጅት መጻሕፍትን በግመል እየጫነ ወደ መንደሮች አድርሷል። ግመል ናፍጣ አይጠይቅም፤ መንገድ ባይጠረግለትም ይደርሳል።

በእግር ለሚመጡት የሚደረገው እርዳታ ደግሞ ከሁሉ ርካሹ ሲሆን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። አንድ ልጅ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ቢራመድ 5 ኪሎ ሜትር ለመጨረስ አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጅበታል። ትምህርት በሁለት ፈረቃ በሚሰጥበት ቦታ የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ይህን መንገድ የሚሄደው በቀትር ፀሐይ ነው። ሩቅ የሚኖሩትን በሙሉ በጠዋት ፈረቃ፣ የከተማውን ልጆች በከሰዓት ፈረቃ መመደብ አንድ ሣንቲም አያስወጣም፤ የሚጠይቀው በምዝገባ ጊዜ የእያንዳንዱን ልጅ መንደር ጠይቆ መጻፍ ብቻ ነው። የአንድ መንደር ልጆች ከትልልቆቹ ተማሪዎች ጋር በጓድ ቢጓዙ ለትንንሾቹም ለልጃገረዶችም መከታ ይሆናል። የሚሄዱበት መንገድ ደረቅ ወንዝ የሚያቋርጥ ከሆነ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሜዳው ላይ ፀሐይ ሆኖ ሳለ በሐረርጌ ተራሮች የዘነበው ዝናብ በድንገት ደራሽ ሊያመጣ ይችላል፤ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በድሬዳዋ የደጫቱ ጎርፍ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ሕይወት ያጠፋው በሌሊት ደርሶ ነው። ደጋው ሲጠቁር ልጆቹን ከትምህርት ቤት የሚያቆይና የሚያሰናብት ሰው አስቀድሞ መታወቅ ይኖርበታል። የኢሳ ሶማሌ ሕዝብ በኅዳር 2017 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረ፣ ኼር ኢሴ የሚባል የቃል ሕግ ያለው ነውና እንዲህ ያለውን የጋራ ኃላፊነት በሽማግሌዎች ሸንጎ ማስወሰን በደብዳቤ ከማዘዝ ይበልጣል።

ወደ መምህሩ ስንመለስ፣ ከብስክሌቱም የሚሻለው መፍትሔ መምህሩ በሚያስተምርበት ቦታ እንዲያድር ማድረግ ነው። የመምህራን መኖሪያ ቤት መሥራት በበጀት ዓመቱ ከባድ ወጪ ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ የሚወጣ ወጪ ነው። የነዳጅ ወጪ ግን በየወሩ ይመለሳል፤ ሲመለስም ጨምሮ ነው። ከከተማ በራቁት ቀበሌዎች ደግሞ ከዚያው ከአካባቢው የተመረጡ አመቻቾች በአማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ጣቢያዎች ማስተማራቸው ይህን ችግር ከሥሩ ያቃልለዋል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከመነሻው በአምስት ቋንቋዎች ሲሰጥ አንዱ ሶማሌኛ ነበር፤ አስተማሪው ወደ ሕዝቡ ሄዶ ከሕዝቡ ጋር እንዲኖር ሆኖ የተዘጋጀ ነበር።

የሚቀረው ውሃው ነው። በ2007ና በ2008 ዓ.ም. በሲቲ ዞን በደረሰው ከባድ ድርቅ እንደታየው፣ ዝናብ ሲጠፋ ውሃ በቦቴ ይቀርባል፤ ውሃ ከሌለ አርብቶ አደሩ ከብቱን ተከትሎ ይሄዳል፤ ክፍሉም ይራቆታል። በክፍሎቹ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አሸንዳ ገጥሞ የዝናቡን ውሃ በቢርካ ወይም በሮቶ ማጠራቀም የቦቴውን ምልልስ ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያስቀረውም። ስለዚህ ቦቴው የሚመጣበት ቀን ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ ቢነገር፣ መጽሐፉ፣ ጠመኔውና የፈተናው ወረቀት በዚያው ጉዞ ከሾፌሩ ጎን ተጭነው ሊደርሱ ይችላሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው በውሃ ጽሕፈት ቤቱና በትምህርት ጽሕፈት ቤቱ መካከል በየሳምንቱ የሚደረግ አንድ የስልክ ንግግር ነው።