የትኛው ስልክ? የትኛው መስመር?



ከዐሱር ሶላት በኋላ አንዲት እናት ከአሥራ ሰባት ዓመት ወንድ ልጃቸው ጋር ወደ ዝግጅት ክፍላችን መጡ። ጉዳያቸው ለመስማት ቀላል፣ ለመወሰን ግን ከባድ ነበር። ዱባይ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው ትልቋ ልጃቸው፣ ከደመወዟ እየቆጠበች ባጠራቀመችው ገንዘብ ለቤቱ አንድ ደህና ስልክ እንዲገዛ ፈቅዳለች። ወንድሟ «ከተገዛ አይቀር አይፎን ይሁን» ይላል። አባትየው የጭነት መኪና ሹፌር ናቸውና «መንገድ ላይ ኔትወርክ አይጥፋብኝ እንጂ ስሙ ምንም ይሁን» ባይ ናቸው። ባቲ አካባቢ ገጠር የሚኖሩት አያት ደግሞ የልጅ ልጃቸውን ድምፅ ከመስማት ሌላ የሚፈልጉት ነገር የለም።

እናትየው በመጨረሻ እንዲህ አሉን፦ «ልጄ የሰው ቤት ወለል ወልውላ ያገኘችው ብር ነው። ያለ ቦታው እንዳይውል እፈራለሁ።»

ይህ ፍርሃት የእኚህ እናት ብቻ አይደለም። ስልክ ዛሬ ከቤት ዕቃ ሁሉ ውድ ከሚባሉት አንዱ ሆኗል። በስደት ያሉ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን ላብም ብዙ ጊዜ የሚፈስበት እርሱ ላይ ነው። ስለዚህ ስልክ ከሚሸጡና ከሚጠግኑ ሰዎች ጠይቀን፣ ከቤተሰቡም ጋር ተመካክረን የደረስንበትን ለአንባቢ ማካፈል መልካም መስሎ ታየን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምርጫው አንድ ሳይሆን ሁለት ነው

ብዙዎቻችን «ስልክ መግዛት» ስንል አንድ ነገር የምንመርጥ ይመስለናል። በእውነቱ ግን የምንመርጠው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ስልኩ በውስጡ የሚሠራበት ሥርዓት ሲሆን፣ እርሱም በዛሬው ገበያ ወይ አንድሮይድ ወይ የአይፎኑ አይኦኤስ ነው። ሁለተኛው ሲም ካርዱን የሚሰጠን የቴሌኮም ኩባንያ ነው። ሲም ካርድ ዛሬ አውጥተን ነገ ሌላ ልንጨምር እንችላለን። ከአንዱ ሥርዓት ወደ ሌላው መዛወር ግን ቤት እንደመልቀቅ ነው፤ ፎቶውና የስልክ ቁጥሩ በጥቂት ድካም ይጓዛል፣ ገንዘብ ከፍለን የጫንናቸው አፕሊኬሽኖች ግን አብረውን አይሄዱም።

ስለዚህ ስልክ የሚገዛ ሰው የሚገዛው ዕቃውን ብቻ አይደለም፤ ከዕቃው በስተኋላ ላለው ኩባንያም ተከራይ ይሆናል። አከራዩ ሲዘጋ ምን እንደሚደርስ ያለፉት ዓመታት አስተምረውናል። የመጀመሪያው አይፎን በ2007፣ የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክም በ2008 ለገበያ ሲቀርቡ የዘመኑ ጌቶች ኖኪያና ብላክቤሪ ነበሩ። ኖኪያ በ2011 ከማይክሮሶፍት ጋር ተስማምቶ ስልኮቹን ወደ ዊንዶውስ አዞረ። ሳይሳካ ቀረ፤ ዋትስአፕም በ2019 መጨረሻ በዊንዶውስ ስልኮች ላይ መሥራቱን አቆመ። ብላክቤሪ ደግሞ ለቀድሞ ስልኮቹ ይሰጥ የነበረውን አገልግሎት ጃንዋሪ 4 ቀን 2022 ዘጋ። ስልኮቹ አልተሰበሩም፣ ባትሪያቸውም አልሞተም። ከኋላቸው የነበረው ቤት ግን ተዘግቷል።

እንግዲህ ስልክ ስንገዛ ከሁሉ በፊት የምንጠይቀው «ካሜራው ስንት ነው?» ሳይሆን «ይህ ስልክ ስንት ዓመት ያገለግለኛል?» የሚለውን መሆን አለበት።

አይፎን ወይስ አንድሮይድ?

ለሁለቱም ፍትሕ እንስጥ። አይፎንን የሚሠራው አንድ ኩባንያ፣ አፕል ብቻ ነው። ስልኩንም የውስጥ ሥርዓቱንም ራሱ ስለሚሠራ ለአንድ ስልክ ለብዙ ዓመታት የደኅንነት ማሻሻያ ይልካል። አፕሊኬሽን የሚጫነውም በአብዛኛው አፕል መርምሮ ካሳለፈበት መደብር ነው። ተጠቅመን ብንሸጠውም ዋጋው ቶሎ አይወድቅም። ወጣቱ ልጅ ይህን ሲነግረን እውነቱን ነው።

አንድሮይድ የጉግል ሥርዓት ሲሆን፣ ሳምሰንግ፣ ሻኦሚ፣ ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና ሌሎችም ብዙ ፋብሪካዎች ይጠቀሙበታል። ከርካሹ እስከ ውዱ እንደ አቅም መምረጥ የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ስክሪን ቢሰበር ወይም ባትሪ ቢደክም መለዋወጫውን በየከተማው ማግኘት አይከብድም። አብዛኞቹ ሁለት ሲም ካርድ ይቀበላሉ። ጉድለቱ ግን የማሻሻያው ዘመን እንደ ፋብሪካው መለያየቱ ነው። ጉግል በ2023 ላወጣው ፒክስል 8፣ ሳምሰንግም በ2024 ላወጣው ጋላክሲ ኤስ24 የሰባት ዓመት ማሻሻያ ቃል ገብተዋል። ርካሾቹ ስልኮች ግን ይህን ያህል አይታደሉም።

ሌላም አደጋ አለ። በአንድሮይድ ስልክ ከመደብሩ ውጭ ከጓደኛ በተላከ ፋይል አፕሊኬሽን መጫን ቀላል ነው። ወጣቶች በዚህ መንገድ ሲቀባበሉ የባንክና የገንዘብ ማስተላለፊያ ምስጢር ቁጥር የሚሰርቅ ፕሮግራም አብሮ ሊገባ ይችላል። ወላጆች ይህን ልብ ይበሉ።

ለሙስሊም ቤተሰብ አንድ ነገር እንጨምር። የሶላት ወቅትና የቁርኣን አፕሊኬሽኖች በሁለቱም ይሠራሉ። የቂብላ አቅጣጫ ለማየት ግን ስልኩ ውስጥ የኮምፓስ ዕቃ መኖር አለበት፤ በብዙ ርካሽ ስልኮች ውስጥ ይህ ዕቃ የለም። ከመግዛታችን በፊት ሱቁ ውስጥ መፈተን ይቻላል። ከአዲስ አበባ ቂብላ ወደ ሰሜን ሆኖ በጥቂቱ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል፤ ኮምፓሱ ሌላ ቢያሳይ ስልኩን ወይም አፕሊኬሽኑን መጠራጠር ነው።

ያገለገለና ከውጭ የሚላክ ስልክ

ወጣቱ ልጅ ገንዘቡ ለአዲስ አይፎን እንደማይበቃ ሲረዳ «ያገለገለ አይፎን 6 በርካሽ ይገኛል» አለን። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ዋትስአፕ ከሜይ 2025 ጀምሮ በአይፎን 5ኤስ፣ በአይፎን 6 እና በ6 ፕላስ ላይ መሥራት አቁሟል። እህቱን ለማየት የሚገዛ ስልክ ዋትስአፕን ካልተቀበለ፣ ርካሽነቱ ምን ይጠቅማል?

ከአሜሪካ ዘመድ የሚልክልን ስልክም የራሱ ጥያቄዎች አሉት። ከ2022ቱ አይፎን 14 ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት አይፎኖች የሲም ካርድ ማስገቢያ የላቸውም፤ የሚሠሩት ኢሲም በሚባለው ካርድ አልባ ሲም ብቻ ነው። ስለዚህ ስልኩ ከመላኩ በፊት የእኛ ኩባንያ ኢሲም እንደሚሰጥ መጠየቅ ይገባል። እዚያ በየወሩ እየተከፈለ የተወሰደ ስልክ ደግሞ ዕዳው እስኪያልቅ ለዚያ ኩባንያ ብቻ የተቆለፈ ሊሆን ይችላል።

ያገለገለ አይፎን የሚገዛ ሰው ባለቤቱ አካውንቱን ፊት ለፊቱ እንዲያወጣ ይጠይቅ። ካላወጣ ስልኩ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል፤ ያለዚያ አካውንትም አይከፈትም። ለማንኛውም ስልክ *#06# ብንደውል መለያ ቁጥሩ ይወጣል፤ ከካርቶኑ ጋር ማመሳከር ነው። የተሰረቀ ዕቃ እያወቁ መግዛት ከኪሳራም በላይ የሐላልና የሐራም ጉዳይ መሆኑን አንባቢ አይስተውም።

የትኛው መስመር?

በሀገራችን የሞባይል ስልክ አገልግሎት ከተጀመረበት ከ1999 አንሥቶ ለሃያ ሦስት ዓመታት ያህል የምንመርጠው ነገር አልነበረም፤ ቴሌ ቴሌ ብቻ ነበር። ሳፋሪኮም በ2021 በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ ወስዶ፣ በኦገስት 2022 ከድሬዳዋ ጀመረ፤ በኦክቶበር 2022 ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። እነሆ ዛሬ ባለ 09 እና ባለ 07 ቁጥር የሚባል ነገር መጥቷል። ገንዘብ ማስተላለፊያም እንዲሁ ሁለት ሆነ፤ ቴሌብር በሜይ 2021፣ ኤምፔሳም በኦገስት 2023 በሀገራችን ሥራ ጀመሩ።

«የትኛው ይሻላል?» ለሚለው ጥያቄ ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ የለም። መልሱ ያለው በምንኖርበት ሰፈርና በምንሄድበት መንገድ ላይ ነው። ባለ ብዙ ማማ ኩባንያ እንኳ በአንድ ግቢ ጓዳ ውስጥ ላይደርስ ይችላል። ስለዚህ የጎረቤትን ስልክ ተውሶ በቤታችን ውስጥ፣ በሥራ ቦታችንና በወላጆቻችን ገጠር መፈተን ከማስታወቂያ ሁሉ ይበልጣል። ከዚያም ቤተ ዘመዱ የሚጠቀመው የትኛውን እንደሆነ፣ በአንድ መስመር ውስጥና ወደ ሌላው መስመር የሚደወልበት ዋጋ ስንት እንደሆነ፣ የኢንተርኔት ጥቅሉ በስንት ቀን እንደሚቃጠል መጠየቅ ነው። በሳምንት የሚያልቅ ርካሽ ጥቅል በወር ሲደመር ከወርኃዊው ሊበልጥ ይችላል።

ሁለት ሲም የሚቀበል ስልክ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። አንዱን ለጥሪ፣ ሌላውን ለኢንተርኔት ማድረግ ይቻላል። አዲስ ሲም ስናወጣ ግን የቀድሞውን ቁጥር አንጣል። ዋትስአፓችንም፣ የገንዘብ ሒሳባችንም፣ ዘመድ የሚያውቀንም በእርሱ ነውና። ሲሙም በራሳችን ስም የተመዘገበ ይሁን።

ከስልክ ገንዘብ ጋር አብሮ ስለሚመጣው ብድርና ቁጠባ አንድ ማሳሰቢያ እንስጥ። በስልካችን ላይ «ተበደሩ» የሚል መልእክት ሲመጣ ወለድ ወይም የአገልግሎት ክፍያ እንዳለበት ሳናነብ እሺ አንበል። ከወለድ ነፃ የሆነውን ለይቶ መጠየቅ፣ ያልገባንንም ዑለማኦችን ማማከር የእኛ ፋንታ ነው።

ቤተሰቡ ምን ወሰነ?

ከዚህ ሁሉ በኋላ እናትየው ከእኛው ቢሮ ሆነው ወደ ዱባይ ደወሉ። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በዋትስአፕ መጻጻፍ ቢቻልም፣ የድምፅና የቪዲዮ ጥሪው ለረጅም ዓመታት የተዘጋ በመሆኑ፣ ልጅቷ የምትጠቀመው በዚያ ሀገር የተፈቀደውን ቦቲም ነው። (ሳዑዲ ዐረቢያ ይህን መሰሉን ክልከላ በ2017 ማንሳቷን እግረ መንገዳችንን እናስታውስ።) ወንድምየው ነገሩን ሁሉ አስረዳት፤ በመጨረሻም «አንቺ የትኛውን ትመርጫለሽ?» አላት።

«እኔ ስሙን አልመርጥም» አለች። «እናቴ ስደውል ፊቷ ጥርት ብሎ ይታየኝ። አያቴ ዘንድ ስትሄዱም ይሥራ። የተረፈው ብር ግን ይቀመጥልኝ፤ እኔም አንድ ቀን እመለሳለሁ።»

ክፍሉ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ የተናገረ አልነበረም። ስለ ስልክ ስንከራከር እርሷ መመለሷን እንደምታስብ ማናችንም አላነሳንም ነበርና።

ወጣቱ አንገቱን ደፍቶ ቆየና «መካከለኛ አንድሮይድ ይሁን፣ ሁለት ሲም ያለው» አለ። እንዲያ ሆነ። ከገዙት በኋላ አንዱን ሲም አባትየው በሚመላለሱበት መንገድና በአያት ገጠር ፈትነው መረጡት፤ ሁለተኛውን ለቤት ኢንተርኔት አደረጉት። ስልኩ ኮምፓስ እንዳለው፣ ቦቲምም እንደሚሠራ ሱቁ ውስጥ ፈትነው ነው የገዙት። የተረፈውን ብር እናትየው በልጅቷ ስም ከወለድ ነፃ ሒሳብ አስገቡት።

ይህን ስንል አይፎን የሚገዛ ሁሉ አባካኝ ነው ማለታችን አይደለም። ሥራው የሚጠይቀው፣ አቅሙም የሚፈቅድለት ሰው ሊገዛው ይችላል። ኢስራፍ የሚሆነው ከስልኩ ስም ሳይሆን ከሚያስፈልገን በላይ፣ በሌላው ላብ፣ ለሰው ዓይን ብለን ስንገዛ ነው።

ውድ ወጣቶች! ለስልክ ስትመርጡ ገንዘቡን የላከውን ሰውም ጠይቁ። ወላጆችም ልጆቻችሁ ስለ ዕቃው ከእናንተ የበለጠ ሊያውቁ ይችላሉና አዳምጧቸው፤ እነርሱ ደግሞ የእናንተን ሒሳብ ያዳምጡ። የተመካከረ ቤት ከተሳሳተ እንኳ አይወቃቀስም። አላህ ከሐላል የምናገኘውን በኸይር ነገር የምናውል ያድርገን፣ በስደት ያሉትንም በሰላም ወደ ቤታቸው ይመልስልን። አሚን።