በላንጋኖ ጭቃ ውስጥ ያለው ዜና መዋዕል

ከሞጆ በመቂና በባቱ አድርጎ ወደ ሻሸመኔ የሚወርድ መንገደኛ በግራው ላንጋኖን፣ በቀኙ አቢጃታንና ሻላን ሲያይ፣ እነዚህ ሐይቆች ከዝዋይ ጋራ ሆነው ከ9,000 ዓመት ገደማ በፊት በነበረው ዝናባማ ዘመን አንድ ታላቅ ሐይቅ እንደ ነበሩ፣ ትርፍ ውሃቸውም ወደ አዋሽ ይፈስ እንደ ነበር በቀላሉ አይታሰበውም። ያን ዘመን ዓይቶ የጻፈልን ጸሐፊ ባይኖርም፣ በሐይቆቹ ወለል ላይ የተነጠፈው ደለል በየድርብርቡ የያዘው የአበባ ብናኝ ዜና መዋዕል ሆኖ ቆይቶልናል።

ብናኙ ለዓይን የረቀቀ ሲሆን፣ ቅርፊቱ ስፖሮፖለኒን ከሚባል እጅግ ጽኑ ነገር ስለ ተሠራ፣ አየር በማይደርስበት ጭቃ ከተቀበረ ውስጡ ጠፍቶ ቅርፊቱ አእላፋት ዘመናትን ይሻገራል። ይህን የሚያጠኑ ሊቃውንትም ደለሉን በቱቦ ወግተው ካወጡ በኋላ፣ ኖራውን በሃይድሮክሎሪክ፣ አሸዋውን በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ አሟሙተው የተረፈውን በማይክሮስኮፕ እየለዩ ይቈጥራሉ፤ ዝግባ በሁለቱ የአየር ከረጢቶቹ፣ ግራርም በአንድነት በተጣበቁት ብዙ ብናኞቹ ይታወቃል።

ነገር ግን ቈጥሮ መጨረስ ፍርድ መስጠት አይደለም፤ የዚህ ጥበብ ክብደቱም እዚህ ላይ ነው። የግራር ብናኝ ከባድ ስለ ሆነና በነፍሳት ስለሚጓዝ፣ ዙሪያውን ግራር ከከበበው ሐይቅ እንኳ ጥቂት ብቻ ይገኛል፤ የዝግባው ግን ከአርሲ ደጋ በነፋስ ተጭኖ ይመጣልና፣ በጭቃው ውስጥ ስለ በዛ ብቻ በሐይቁ ዳር ዝግባ በቅሎ ነበር ብሎ የሚፈርድ ሰው የሩቁን ምስክር እንደ ቅርብ ይቈጥራል። ስለዚህ ፈረንሳዊቷ ሊቅ ሬሞንድ ቦንፊይ የጥንቱን ለመተርጐም እንዲረዳት ዛሬ በኢትዮጵያ ደኖች ሥር የሚወድቀውን ብናኝ መረመረች፤ ከኢትዮጵያዊው መሐመድ ዑመር ጋራም የላንጋኖን አካባቢ ዕፀዋትና የአየር ንብረት የቅርብ ዘመን ታሪክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 አሳተመች።

የሐይቅ ደለል ዕድሜው በካርቦን 14 ይታወቃል፤ ካርቦን ከ50,000 ዓመት ወዲያ ሲያቅተው ግን የዓለቱን ዕድሜ ለማወቅ ስፖርና ብናኝ ይረዳሉ፤ ይኸውም ዕፀዋት በዓለም ላይ በተራ ስለ ተገለጡ፣ የአባቢ ዕፀዋት ብናኝ በዓለት ውስጥ መታየት የጀመረው ከ130 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ ነውና። በትግራይ በዕዳጋ ዓርቢ አካባቢ ያለው፣ የጥንት ግግር በረዶ ጥሎት የሄደው ዓለት 300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ እንዳለው የታወቀው በዚሁ መንገድ ነው።

ለእኛ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን በወሎ ሐይቅና ሐርዲቦ ከሚባሉት ሐይቆች ደለል የተገኘው የብናኝ መዝገብ ነው። በዚያ ደኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ500 ዓመት ገደማ ተመንጥሮ በምትኩ እንደ ክትክታ ያለ ቁጥቋጦ ነገሠ፤ ከልደቱ በኋላ ከ1400 እስከ 1700 ባለው ዘመን ግን ጥዱ ተመልሶ በቀለ። የተመነጠረ ምድር ዳግመኛ ደን ሊለብስ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አላውቅም።

ይህ የሐይቆች መዝገብ የሚጠበቀው ግን ጭቃው ከውሃ በታች እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ደርቆ አየር ባገኘው ደለል ውስጥ ብናኙ ይበላሻል፤ አቢጃታም ዳርቻው እየሸሸ ነው። ስለዚህ የአቢጃታ ሻላን ፓርክ የምትጠብቁ፣ ውሃውን ለእርሻና ለፋብሪካ የምትስቡም ሁሉ፣ ስለ ፓርኩ ወፎች ብቻ ሳይሆን ስለዚህም መዝገብ የሐይቆቹን ውሃ ጠብቁ።