አይጥን ከቤትና ከጎተራ ለማራቅ ከመርዝ የሚቀድሙ ሥራዎች

በአምባሰል ወረዳ በውጫሌና አካባቢዋ አርሶ አደሩ ማሽላውንና ጤፉን ከአውድማ ወደ ቤት ሲያስገባ የዓመት ድካሙ የተጠናቀቀ ይመስለዋል። ሆኖም ከተባይና ከዝናብ ያመለጠው እህል በጎታና በጎተራ ውስጥ ሌላ ጠላት ይጠብቀዋል። ይህ ጠላት በሌሊት የምትሠራው አይጥ ናት።

ጉዳቱ በስሌት ሲታይ ቀላል አይደለም። አንድ ትልቅ አይጥ በቀን 25 ግራም ያህል እህል ትበላለች። ይህ በዓመት 9 ኪሎ ግራም ይሆናል። አሥር አይጦች የተጠለሉበት ቤት በዓመት 90 ኪሎ ግራም፣ ማለትም አንድ ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የቀረው እህል ያጣል። በሽንትና በኩስ የሚበከለው ደግሞ ከዚህ ውጪ ነው። በማሳም ቢሆን ፕሮፌሰር አፈወርቅ በቀለና ባልደረቦቻቸው በዝዋይ አካባቢ የበቆሎ ማሳዎች አጥንተው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ባሳተሙት ጽሑፍ የጉዳቱ መጠን የምርቱን ሩብ ያህል ሆኖ ተገኝቷል።

ብዙዎች አይጥ ሲያዩ ወደ መርዝ ይሮጣሉ። “አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ” እንዲሉ ግን መርዙ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ያላጠፋውን ነው። ልጆች፣ ዶሮዎችና የተመረዘች አይጥ የበላች ድመት የጉዳቱ ሰለባ ይሆናሉ። በተለይ ለነቀዝ የሚውለውን ጋዝ የሚያመነጭ ኪኒን ሰው በሚያድርበት ቤት ማስቀመጥ የቤተሰብን ሕይወት ሊቀጥፍ ስለሚችል ፈጽሞ አይገባም።

ዘላቂው መፍትሔ አይጥን ሦስት ነገሮች መንፈግ ነው። እነዚህም መግቢያ፣ መጠለያና ምግብ ናቸው።

የመጀመሪያው ሥራ መግቢያን መዝጋት ነው። ትንሿ የቤት አይጥ የእርሳስ ውፍረት ባለው ቀዳዳ ትገባለች። ለትልቋ ደግሞ የአውራ ጣት ስፋት ይበቃታል። ጭቃ ብቻውን ቢለጠፍ ግን ጥርሷ ዘወትር ስለሚያድግና ስለምትቦረቡር ቶሎ ትከፍተዋለች። ስለዚህ ቀዳዳው በጠጠር፣ በተሰባበረ ጠርሙስ ወይም በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ከተሞላ በኋላ በጭቃ ሊመረግ ይገባል። የበሩ ሥር በቆርቆሮ፣ መስኮቱ በወንፊት ሽቦ ይሸፈናል።

ሁለተኛው መጠለያ ማሳጣት ነው። የጭድና የማገዶ ክምር፣ ያረጀ ጆንያና የድንጋይ ቁልል ከግድግዳ ጋር ከተያያዘ አይጥ እዚያው ትወልዳለች። እርግዝናዋ ሦስት ሳምንት ያህል ብቻ በመሆኑ ቁጥሯ በአጭር ጊዜ ይባዛል። በቤቱ ዙሪያ ሁለት ወይም ሦስት ሜትር ያህል ሣርና ቁጥቋጦ ማጽዳት ይረዳል። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በትግራይ ደጋማ ማሳዎች ባደረጉት ጥናት የድንጋይ እርከን ተቀራርቦ በተሠራበት ቦታ አይጥና ጉዳቷ በዝቶ ታይቷል። ይህ ማለት እርከን ይፍረስ ማለት አይደለም። በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተት በአፈር እንዲሞላና ዳሩ እንዲታረም ያስገነዝባል።

ሦስተኛው ምግብን መጠበቅ ነው። ከቤት ውጪ ያለ ጎተራ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቢቆም፣ ቋሚዎቹም ለስላሳ ቆርቆሮ ቢጠመጠምባቸው ወይም አፉ ወደ ታች የተደፋ የቆርቆሮ ቆብ ቢደረግላቸው አይጥ መውጣት ያቅታታል። መሰላሉ ከሥራ በኋላ መነሣት፣ የዛፍ ቅርንጫፍም ከጎተራው መራቅ አለበት። አየር የማያስገባ ከረጢት ነቀዝን ቢያግድም አይጥ ስለምትቀደው ከግድግዳ ርቆ በርብራብ ላይ መቀመጥ ይገባዋል። የብረት ጎተራ ግን ሁለቱንም ይከላከላል። የወደቀ ፍሬና የተረፈ ምግብ በየማታው መጠረግ አለበት።

ከዚህ በኋላ የቀሩትን ማደን ነው። አይጥ ግድግዳ ተጠግታ ስለምትሄድ ወጥመዱ በግድግዳው ሥር ይጠመዳል። ጥቂት ወጥመድ ለብዙ ቀን ከማቆየት ብዙ ወጥመድ በአንድ ሌሊት መደርደር ይሻላል። ድመትም አጋዥ ናት። ሆኖም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 የታተመ፣ በኢስዋቲኒ የገጠር ቤቶች የተካሄደ ጥናት የአይጥ እንቅስቃሴ በግልጽ የቀነሰው ድመትና ውሻ አብረው በሚኖሩበት ቤት መሆኑን አሳይቷል። በምልኪ የምትባረረው ጉጉትም በሌሊት አይጥ የምታድን የገበሬ ወዳጅ በመሆኗ ልትጠበቅ ይገባል። በነጭ ሽንኩርት፣ በበርበሬ ወይም በጤናዳም ሽታ ማባረር ግን ለጊዜው ቢረዳ እንጂ አይጥ ሽታውን ስለምትለምደው ብቻውን አያስተማምንም።

የሞተች አይጥ በባዶ እጅ አትነካም፤ በላስቲክ ተይዛ ትቀበራለች። ኩሷም ሳይረጥብ አይጠረግም። በሽንቷ አማካኝነት ሌፕቶስፓይሮሲስን የመሰሉ በሽታዎች ወደ ሰው ሊተላለፉ ይችላሉ።

ከሁሉ በላይ ይህ ሥራ የአንድ አባወራ ሥራ ብቻ አይደለም። አንዱ ቤቱን ቢያጸዳና ጎረቤቱ ቢተው አይጧ አጥር ተሻግራ ትመለሳለች። በመሆኑም የቀበሌ አመራሮችና የግብርና ባለሙያዎች ለተፋሰስ ሥራ ሕዝብ እንደሚያንቀሳቅሱት ሁሉ፣ እህል ወደ ጎተራ ከመግባቱ በፊት መንደሩ በሙሉ በአንድ ሳምንት ቀዳዳ የሚደፍንበትን፣ ዙሪያውን የሚያጸዳበትንና ወጥመድ የሚያጠምድበትን ዕቅድ ቢያወጡ ውጤቱ የጋራ ይሆናል። ለዚህ የሚያስፈልገው ጠጠር፣ ጭቃ፣ ቁራጭ ቆርቆሮና ጉልበት ነው። የሚድነው ግን በየቤቱ ኩንታል የሚጠጋ እህል ሊሆን ይችላል።