የመንጠቆ ዓሣ ማጥመድ በጣና ሐይቅ

የመንጠቆ ዓሣ ማጥመድ በጣና ሐይቅ በክርና በመንጠቆ ዓሣ የመያዝ ዘዴ ነው። ለገበያ የሚቀርበው የሐይቁ ዓሣ አብዛኛው በመረብ ይያዛል፤ መንጠቆ በዋናነት ለአምባዛና ለቤት ፍጆታ ያገለግላል። ማባበያ ምግብ ከሚሰካበት ተራ መንጠቆ ሌላ፣ ላባ ወይም ጸጉር ታስሮበት ትንሽ ዓሣ የሚመስል «ጂግ» የተባለ ዓይነትም አለ። ጣና ዓሣ የሚበሉ ልዩ የዓሣ ዝርያዎች ስላሉት ይህ ዓይነት መንጠቆ ለሐይቁ የሚስማማ ነው።

አካባቢው

ቁንዝላ በሐይቁ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ፣ በሰሜን አቸፈር ወረዳ የምትገኝ ከተማ ናት። በባሕር ዳርና በጎርጎራ መካከል በሚመላለሰው መርከብ መንገድ ላይ እንደ ዘጌ፣ ደቅ ደሴትና ደልጊ ሁሉ ማረፊያ ወደብ ናት። ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ የሐይቁ ትልቁ ገባር ግልገል ዓባይ ወደ ጣና ይገባል። ወንዙ በክረምት ብዙ አፈር ስለሚያመጣ በዚህ በኩል ያለው ውኃ ደፍራሽ ነው። በጣና ዳርቻ ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ዛሬም ለዓሣ ማጥመድ ያገለግላል፤ በሥራው በተለይ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ይታወቃል።

ዓሦቹና አፋቸው

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ቢሆንም ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አይበልጥም። ከሐይቁ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኘው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የታችኞቹ የዓባይ ዓሦች ወደ ላይ እንዳይወጡ ያግዳል። በጫሞ ሐይቅ የሚገኘው ናይል ፐርች በጣና የሌለውም ለዚህ ነው።

በዚህ በተዘጋ ውኃ ውስጥ በአካባቢው ነጭ ዓሣ የሚባሉት የላቢዮባርበስ ዓሦች ወደ 15 በሚጠጉ ዝርያዎች ተለያይተዋል። አብዛኞቹ በዓለም ላይ ከጣና በቀር በሌላ ቦታ አይገኙም። የሚለያዩት በተለይ በአፋቸው ቅርጽና በምግባቸው ነው። ላቢዮባርበስ ሰርኪስ የውኃ ተክል፣ ብሬቪሴፋለስ በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን እንስሳት፣ ወፍራም ከንፈር ያለው ኔድጊያ ደግሞ የነፍሳት እጭ ይበላሉ። መጋስቶማ፣ ጎርጓሪና ትሩቲፎርሚስን ጨምሮ 8 ዝርያዎች ዓሣ በል ናቸው። ይህ በካርፕ ቤተሰብ ዘንድ ያልተለመደ ነው፤ የዚህ ቤተሰብ ዓሦች በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ፣ በሆዳቸውም ጨጓራ የላቸውም። ያደኑትን ነክሰው መቁረጥ ስለማይችሉ ትናንሽ ዓሦችን እንዳሉ ይውጣሉ።

ስለዚህ የመንጠቆው ዓይነት የሚመረጠው በሚፈለገው ዓሣ ነው። አምባዛ በማሽተትና በጢሙ በመዳሰስ በተለይ ሌሊት ስለሚያድን፣ ሽታ ያለው የሥጋ ወይም የዓሣ ቁራጭ ይስማማዋል። ቆሮሶ (ቀረሶ) በአብዛኛው ጥቃቅን የውኃ ተክል ስለሚመገብ ዓሣ መሳይ መንጠቆን እምብዛም አይከተልም። ዓሣ በል ላቢዮባርበሶች ግን የሚንቀሳቀስ ነገር ያባርራሉ።

የጂግ አሠራር

ጂግ በአንገቱ ላይ ክብደት ያለው፣ በወገቡ ላይ ላባ ወይም ጸጉር የታሰረበት መንጠቆ ነው። በሰሜን አሜሪካ ክራፒ የተባለውን ትንሽ ዓሣ ለመያዝ ብዙ ሰው በቤቱ ይሠራዋል። የሚያስፈልጉት ዕቃዎች መንጠቆ፣ የስፌት ክር፣ የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ ወይም የፍየል ጸጉር፣ ቀጭን የመዳብ ሽቦና የጥፍር ቀለም ናቸው።

1. መንጠቆው በፒንሳ ወይም በትንሽ ሞርሳ ተይዞ ከዓይኑ አጠገብ ሽቦው ተጠጋግቶ ይጠመጠማል። ይህ ጂጉ እንዲሰጥም ያደርገዋል።
2. ክሩ ከሽቦው ጀርባ ጀምሮ እስከ መንጠቆው መታጠፊያ ይጠመጠማል፤ ላባው እንዳይንሸራተት መሠረት ይሆናል።
3. ላባው ወይም ጸጉሩ ጫፉ ከመታጠፊያው ጥቂት አልፎ እንዲወጣ ተደርጎ ይታሰራል። ጅራቱ ከረዘመ ዓሣው ጅራቱን ብቻ ይዞ ያመልጣል።
4. ክሩ ወደ ፊት ተጠምጥሞ ይቋጠርና ቋጠሮው በጥፍር ቀለም ይቀባል። ሳይደርቅ ውኃ ውስጥ አይገባም።

ጠቅላላ ርዝመቱ ከ3 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ቢሆን አዳኞቹ ከሚውጧቸው ትናንሽ ዓሦች ጋር ይቀራረባል። ውኃው በጠራበት ነጭ ወይም ግራጫ፣ በደፈረሰበት ደግሞ ጥላው ጎልቶ የሚታይ ጥቁር ይመረጣል።

ብዙዎች ለክብደት እርሳስ ያቀልጣሉ። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ጭሱና ብናኙ መርዝ በመሆናቸው በማብሰያ ዕቃና ሕፃናት ባሉበት ቤት ሊሠራ አይገባም። ውኃ ውስጥ የወደቀ እርሳስም ወፎችን ይገድላል፤ ብሪታንያ በዚህ ምክንያት በ1987 እ.ኤ.አ. አብዛኞቹን የእርሳስ ክብደቶች ከልክላለች። ሽቦ ወይም ትንሽ የብረት ዳዶ ሊተካው ይችላል።

አጠቃቀም

የናይለኑ ክር በመንጠቆው ዓይን ገብቶ በራሱ ላይ 5 ወይም 6 ጊዜ ይጠመዘዛል። ጫፉ በዓይኑ አጠገብ በቀረው ቀለበት ያልፍና ቋጠሮው በምራቅ ከራሰ በኋላ ይጠብቃል፤ ደረቅ ቋጠሮ ሲጠብቅ በሰበቃ ይዳከማል። ጂጉ እስኪሰጥም ተጠብቆ በቀስታ ወደ ላይ ይነሣል፣ መልሶም ይለቀቃል። ዓሣው ብዙ ጊዜ የሚይዘው ጂጉ ሲወርድ ስለሆነ ክሩ እንዳይላላ ያስፈልጋል። በወንዝ መግቢያዎችና በደንገሉ አጠገብ ጉማሬ ሊኖር ስለሚችል፣ ነፋስም ማዕበል ስለሚያስነሣ በታንኳ ርቆ መሄድ አደገኛ ነው።

የዓሦቹ መመናመን

በ1986 እ.ኤ.አ. የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ጣና የዓሣ ሥራ ገቡ። ብዙዎቹ የላቢዮባርበስ ዝርያዎች ከሐምሌ እስከ ጥቅምት እንቁላል ለመጣል በወንዝ መግቢያዎች ይሰበሰባሉ። እዚያ የተዘረጋ መረብ እንቁላል ያዘሉትን እናት ዓሦች በጅምላ ይይዛል፤ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ቁጥራቸው እጅግ ማሽቆልቆሉን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። በጅረቶች ላይ የብርብራ ፍሬ ዱቄት መጠቀምም ትልቁንና ትንሹን ሳይለይ ይገድላል።

መንጠቆ አንድ በአንድ ስለሚይዝ አጥማጁ የማይፈልገውን ዓሣ በሕይወት ሊመልስ ይችላል። የመንጠቆው እሾህ በፒንሳ ከተጨፈለቀ ዓሣው ብዙ ሳይቆስል ይለቀቃል። ሆኖም በእንቁላል ወቅት በወንዝ መግቢያ የሚጣል መንጠቆም ጉዳት አለው፤ በዚያ ጊዜ ከቦታው መራቅ ይመረጣል። እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ የምትይዝ ቆሮሶም ከተያዘች የምትጠፋው ብቻዋን አይደለም።

የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው ሀብቱን ከብክነት ለመጠበቅ ነው። ጣና ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ነው።