ሊብሲ ሲታመም ማን ያነሳዋል? ስለ ስታቲክ ሼል

ጊዜው የ2015 ዓ.ም. ክረምት ነው። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጧል። ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ በሚገኝ አንድ ቢሮ ውስጥ በፍላሽ የመጣ ማሻሻያ በሊኑክስ ሰርቨር ላይ እየጫንኩ ሳለ መብራት ሄደ። የዩፒኤሱ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። መብራት ሲመለስ ሰርቨሩ «ከርነል ፓኒክ» ብሎ ቆመ። የወሩ የደመወዝ መዝገብ ውስጡ ነበር።

ዲስኩ ደህና ነው፤ መዝገቡም አልጠፋም። የተበላሸው ሊብሲ የሚባለው የጋራ ላይብረሪ ብቻ ነበር። የቢሮው ሌሎች ኮምፒውተሮች ዊንዶውስ ስለሆኑ የሊኑክስ መጫኛ ፍላሽ በልመና እስካገኝ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዩኒክስ መሰል ሲስተሞች አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ፋይል መክፈትን፣ ሚሞሪ መጠየቅንና የመሳሰለውን የጋራ ሥራ ለየብቻ አይሸከሙም፤ በተነሱ ቁጥር ከሊብሲ ይዋሳሉ። ትእዛዛችንን የሚቀበለው ሼልም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ሊብሲ ሲበላሽ ሼሉም፣ ጤነኛ ቅጂ የሚገለብጥልን ትእዛዝም አብረው ይወድቃሉ። መድኃኒቱ እጃችን ላይ እያለ በሽተኛው አፉን አይከፍትም። ስታቲክ ሼል ግን የሚፈልገውን ኮድ ሁሉ ሲገነባ በሆዱ ይዞ ስለሚወጣ የሊብሲን ደጅ አይጠናም።

ታዲያ ሁሉንም ስታቲክ ብናደርገውስ? ኦፕንቢኤስዲ መሠረታዊ ትእዛዞቹን እስከ ዛሬ እንዲያ ነው የሚያቀርበው። ፍሪቢኤስዲ ግን እ.ኤ.አ. በጥር 2004 በወጣው 5.2 ወደ ዳይናሚክ ዞረና ለክፉ ቀን የሚሆኑትን ስታቲክ መሣሪያዎች «ሬስኪዩ» በተባለ ማውጫ ለብቻ አስቀመጠ። እኔ የምደግፈው ይህንን ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2015 በግሊብሲ ውስጥ «ጎስት» የተባለው የደኅንነት ቀዳዳ ይፋ ሲሆን ዳይናሚክ ፕሮግራሞች አንድ ላይብረሪ ታድሶላቸው እንደገና መነሳት ብቻ በቂያቸው ነበር፤ ቀዳዳውን በሆዳቸው የያዙ ስታቲክ ፕሮግራሞች ግን እያንዳንዳቸው እንደገና መገንባት ነበረባቸው። በዚያ ላይ በግሊብሲ የተገነባ ስታቲክ ሼል የተጠቃሚ ስም ሲፈልግ ተመልሶ የጋራ ላይብረሪ ሊጠይቅ ይችላል፤ ሊሸሸው የፈለገውን ማለት ነው።

የዕለት ሼሌን ስለዚህ አልነካሁትም። ጎን ለጎን ግን ስታቲክ ቢዚቦክስ አስቀመጥኩ። ሼል ብቻውን ፋይል አይገለብጥም፤ ቢዚቦክስ ሼሉንም መገልበጫውንም በአንድ ፋይል ይዟል። ሰርቨሩ ሲነሳ ከርነሉን «ኢኒት» በሚለው መመሪያ ወደ እሱ እመራዋለሁ፤ ዲስኩን ለመጻፍ ከፍቼ ጤነኛውን ሊብሲ ከፍላሽ እገለብጣለሁ። ፍላሹ ላይ ቀድሞ መቀመጥ አለበት፤ በሰኔ 2011 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲዘጋ እንዳየነው «አወርደዋለሁ» ማለት አያስተማምንም።

እርግጥ ዴቢያንና ኡቡንቱ ሲነሱ በሚጠቀሙበት ጊዜያዊ ሲስተም ውስጥ ትንሽ ሼል አለ፤ በዚያ ቀን ትዝ አላለኝም። እሱም ቢሆን የሚሠራው ከዋናው ዲስክ በተገለበጠ ሊብሲ ነው፤ የተገለበጠው የተበላሸው ከሆነ አብሮ ይወድቃል።

ከአዲስ አበባ ሆነው የባሕር ዳር ሰርቨር ለሚያስተዳድሩ አንድ ነገር ልጨምር። ኤስኤስኤችም ሊብሲን ይፈልጋል። ስታቲክ ሼል ቢኖርም በሩ ራሱ ስለማይከፈት ቁልፍ ሰሌዳው ጋ የሚደርስ ሰው ያስፈልጋል።